ለፊሊሞ ቤት ሁለት

የመምህር ፊሊሞ ሬሳ የተገኘው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ዓሣው ተከፋፍሎ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። አሳማዎቿን ልትቀልብ የወጣች ሴት ከጉረኖው ጀርባ በግንባሩ ተደፍቶ አየችውና ጩኸቷን አቀለጠችው። በቶከላው ያለችው ደሴታችን ከዳር እዳር በሩብ ሰዓት የምታልቅ ናት፤ ያልሰማ አልነበረም።

የደሴቲቱ ብቸኛ ፖሊስ ሌፔካ መጣች። ሃምሳውን ያለፈች፣ ባልም ልጅም የሌላት፣ ከታላቅ ወንድሟ ከቲኒኤሉ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ሬሳውን ዳሰሰችው፤ ደርቋል። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ኮኮናት የምንልጥበት ካስማ አጠገቡ ወድቋል፤ እሱ ደግሞ በየደጁ አለ።

«ጎህ ሲቀድ ነው የተመታው» አለች።

ገዳዩን ለመጥራት ግን ማንም እሷን አልጠበቀም። «ቶማሲ ነው!» ተባለ። ፊሊሞ ከሚስቱ ከፔኒናና ከልጁ ከሂና ጋር ሰኞ በሚመጣው መርከብ ኒውዚላንድ ሊገባ ተመዝግቦ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመቱ ቶማሲ ደግሞ ሂናን ይወዳል። ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ እየሰማ «ልጅቷን ይዘህ ከምትሄድ ገድዬህ እታሰራለሁ!» ብሎ ጮኋል። ሽማግሌዎቹም ታስሮ በዚያው መርከብ እንዲላክ ወሰኑ። ከቶከላው በነፍስ ግድያ ታስሮ የወጣ ሰው ተመልሶ ማንን ዓይን ዓይኑን ያያል?

ሌፔካ ቶማሲን ጀልባ መጠገኛው ዳስ ውስጥ አገኘችው።

«ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ እትዬ ሌፔካ። ጀልባዬ ተሰንጥቃ ስጠግን።»

«ማን አየህ?»

«ማን ይየኝ! ወንዱ ሁሉ ባሕር ላይ። መሬት የቀረነው እኔ፣ ሟቹ፣ ሽማግሌዎቹና ዓሣ አካፋዩ ጋሼ ቲኒኤሉ ነን።»

«እና ገድለኸዋል?»

«በእናቴ ሞት አልገደልኩም!»

«አፍህ ነው ጉድ የሠራህ፣ አንተ ለፍላፊ» አለችውና ወጣች።

ፔኒና ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ሂና እግሯ ሥር ታለቅሳለች።

«እህል ቀምሳችኋል?»

«ኧረ ምኑን! ዓሣው እንኳ እንደመጣ ነው።»

ሌፔካ የቅርጫቱን ክዳን ገለጥ አደረገችው። ሁለት ዓሣ። ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች።

«ሦስተኛውስ?»

«ሁለት ነው የተሰጠን» አለች ፔኒና። «ቲኒኤሉ ተሳስቶ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አገሩን ጥለን ልንሄድ ተነሥተን፣ በምን ዓይናችን እንከራከራለን?»

ሌፔካ ክዳኑን ቀስ ብላ መለሰችው። በሦስት ቤቶች ደጅ ቆማ ስንት ስንት እንደደረሳቸው ጠየቀች። ከዚያ ባሕሩን እያየች ብዙ ተቀመጠች። ቤቷ ግን አልገባችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ መሰብሰቢያው ቤት ገባ። ቶማሲ መሐል ላይ ተቀምጧል። ቲኒኤሉ ከሽማግሌዎቹ ተርታ ነው። ሠላሳ ዓመት ዓሣ ሲያካፍል አንድ ቀን አልተሳሳተም፤ እንዲያውም በእሱ ነበር የምንምለው።

«የተያዘ ዓሣ የያዘው ሰው እንዳልሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል» ብላ ጀመረች ሌፔካ። «አንድ ላይ ይዘረገፋል፣ ለየቤቱ በነፍስ ቁጥር ይታደላል። ትናንት የተወለደም አንድ፣ ሽማግሌም አንድ። ቅዳሜ ለአንድ ነፍስ ስንት ደረሰ?»

«አንድ ዓሣ!» አሉ ሴቶቹ።

«የተጓደለበት ቤት አለ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አለ። የፊሊሞ ቤት። ሦስት ነፍስ ሆነው ሁለት ተሰጣቸው። ይህ የሆነው ሬሳው ከመገኘቱ በፊት ነው። ወንድም ጋሼ፣ ማንም ሳያውቅ ፊሊሞን ከሕያዋን የቀነስከው በምን አውቀህ ነው?»

ቲኒኤሉ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ኧረ አንቺ! ሊሄድ ነው ብዬ ነዋ የቀነስኩት።»

«የሚሄዱት ሦስት ናቸው፤ የቀነስከው አንድ። ደግሞስ እግሩ መርከብ ሳይረግጥ ሰው አይቀነስም እያልክ ስንቱን ስትቆጣ የኖርከው አንተ አይደለህም?» «ተሳስቼ ነው በለኝ። እባክህ፣ ተሳስቼ ነው በል።»

ቲኒኤሉ እጆቹን አገላብጦ አያቸው።

«አልተሳሳትኩም» አለ። «ለሞተ ሰው አካፍዬ አላውቅም፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳይሄድ ልለምነው ነበር የሄድኩት። እሱ ከሄደ ሌላውም ይከተለዋል። ሰው ካለቀ ለማን ነው የማካፍለው አልኩት። ‹ለአሳማዎቹ› ብሎ ሳቀብኝ።»

«እና ይሄ ልጅ በአንተ ፈንታ ሲታሰር ዝም ልትል ነበር?»

ቲኒኤሉ ፊቱን ከቶማሲ አዞረ። ያን ቀን ከሁሉ የመረረን ይኸው ነው።

ሰኞ መርከቡ መጣ። ቲኒኤሉን እንደታሰረ ወሰደው፤ ፔኒናንና ሂናንም ወሰደ። ቶማሲም ልብሱን በከረጢት ጠቅልሎ ሂናን ተከተለ። አራት ነፍስ ያለው ሌላ አንድ ቤተሰብ «ከዚህ በኋላ ምን አለን?» ብሎ ተሳፈረ። ቲኒኤሉ ሰው እንዳይሄድ ብሎ አንድ ሰው ገደለ፤ ስምንት ነፍስ በአንድ ቀን ወጣ።

ማክሰኞ ዓሣ ተያዘ። አዲሱ አካፋይ ወጣት ነው፤ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ሌፔካ እንደ ወትሮዋ ትልቁን ቅርጫት ይዛ መጣች። አካፋዩ ዓሣ አነሣ፣ አየት አደረጋት፣ ሁለተኛውን ለማንሣት እጁን ዘረጋ። ያዘነላት መሆኑ ያስታውቃል።

«እንዳታደርገው!» አለችው። «እኔ ቤት አንድ ነፍስ ነው ያለው።»