ሦስት ናሙና በአንድ መስኮት

የመስኮት ስቲከር ለመምረጥ አንድ ወር ይፈጃል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኛ ቤት ፈጀ። ለምን እንደፈጀ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ቤታችን ሲቀላ የሚባለው ሞቃት ሰፈር ነው። የሳሎናችን ትልቁ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሳሎን መቀመጥ ማለት ዳቦ ቤት ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው። ሶፋው ነጣ፣ የአባዬ መጻሕፍት ነጡ፣ እኔ ብቻ ጠቆርኩ። መጋረጃውን ስንዘጋ ጨለማ፣ ስንከፍት እሳት! አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እየጠበቅኩ ቤት የምውለው ደግሞ እኔ ነኝ።

በመጨረሻ አባዬ «መስታወቱ ላይ ፀሐይ የሚከለክል ነገር ይለጠፍበት» አለ። ከወይዘሮ ባዩሽ የስቲከር ሱቅ ናሙና ይዞ የመጣው ሠራተኛቸው አሞጽ ነው።

አሞጽ ተራራው ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ረጅም ነው፣ ወሬ አያበዛም። ኸረ ጭራሽ አያወራም! እኔ ደግሞ ይኸው እንደምታዩኝ ነኝ።

«ጥቁሩን» አለ አባዬ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ከጎጃም መጥቶ ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሮ ሙቀቱን አሁንም አልለመደውም። «በጣም ጥቁሩን።»

«ጋሼ፣ ጠቆረ ማለት ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። ጥቁሩ ራሱ ፀሐዩን ጠጥቶ ይግላል። ቤቱም ይጨልምባችኋል።»

«እንግዲያው ያንን መስታወት የሚመስለውን» አለች እማዬ። «መንገደኛ ሁሉ ሳሎናችንን እያየ አያልፍም።»

«ቀን አያይም እትዬ። ሲመሽ መብራት ስታበሩ ግን እናንተ ውጪውን አታዩም፣ ውጪ ያለው እናንተን ያያል።»

እማዬ አማተበች።

ጥቁሩን፣ መስታወት መሳዩንና ሙቀት ይከለክላል ያለውን ነጣ ያለ ስቲከር ጎን ለጎን ለጠፋቸው። መጀመሪያ መስታወቱን አጸዳ፣ የሳሙና ውሃ ረጨ፣ ለጠፈ፣ ከዚያ ውሃውን ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለ ገፋው። እጁን ብታዩት! የተኛ ሕፃን የሚያለብስ ነው የሚመስለው።

«እህት፣ እጅሽን እዚህ አስጠጊ» አለኝ። ጥቁሩ ጋ አስጠጋሁ፤ ይፋጃል። «እዚህስ?» ነጣ ያለው ጋ አስጠጋሁ፤ ለብ ያለ ነው። የሱ እጅ ከኔ እጅ አንድ ጣት ያህል ነው የሚርቀው።

«ልዩነቱ ተሰማሽ?»

«በጣም።»

እሱ እኮ ስለ ስቲከር ነው የሚያወራው! ደግሞስ «እህት» ምንድነው? እህት!

«ሳምንት ሙሉ አስር ሰዓት ላይ እንዲህ እየሞከራችሁ ምረጡ» ብሎ ሄደ። ሳምንት ሙሉ!

በሦስተኛው ቀን ነጣ ያለውን ስቲከር ጠርዙን በጥፍሬ አነሳሁት። ትንሽ ብቻ። አየር ገባበትና አረፋ ሰራ። ደወልኩለት፣ መጣ፣ አየው፣ እንደገና ለጠፈው። በሳምንቱ የጥቁሩን አነሳሁ። ከዚያ ደግሞ የመስታወት መሳዩን። በመጣ ቁጥር ቀዝቃዛ ውሃ እሰጠዋለሁ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያወራኛል። አንድ ቀን ስለ አባቱ ነገረኝ።

«አንድ ክር ከሳተ የሸመነውን ፈትቶ እንደገና ነው የሚጀምረው። እጅህ ስምህ ነው ይለኛል።»

ይህን ስሰማ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

በመጨረሻ ነጣ ያለው ተመረጠና መስኮቱን በሙሉ ለጠፈው። አለቀ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምን ብዬ ልጥራው? በማግስቱ ተናድጄ መዳፍ የሚያህል ጠርዝ ገሸለጥኩ። እኔ ሳልደውል አባዬ አየው። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ሱቁ ደወለ።

«ልጁ ሥራ አይችልም። ሌላ ሰው ላኩልኝ!»

«ይቅርታ ጋሽ ይበልጣል» አሉ ወይዘሮ ባዩሽ። «እኔም ታክቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ቤት አይሄድም፣ እዚሁ ጥቅል ይቆርጣል። ካልሆነም አሰናብተዋለሁ።»

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። በማግስቱ ጠዋት፣ ማለትም ዛሬ፣ ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። መነጽሩን አወለቀ።

«ለኔ መናገርሽ ምን ይጠቅመዋል? ስሙ የጠፋበት ቦታ ሄደሽ ተናገሪ።»

ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሞልቷል። አሞጽ ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቆርጣል፤ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ወይዘሮ ባዩሽ፣ የኛን ቤት ስቲከር ያነሳሁት እኔ ነኝ። በጥፍሬ። አራት ጊዜ።»

«ለምን ብለሽ?»

«እንዲመጣ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ አንድ ሰውዬ «ወይዘሮ ባዩሽ፣ እንዲህ ያለ ደንበኛ ካለሽ ገበያ አይጠፋም!» አለና ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ባዩሽ ራሳቸው ሳቁ። «በል አሞጽ፣ ነገ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ» አሉት። እሱ ግን አልሳቀም። ምላጩን አስቀምጦ ተከትሎኝ ወጣ።

«ማዕዶት።» ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው፤ ያውም ተናዶ! «እጄን ጠረጠርኩት እኮ። ሳሙናው በዝቶ ይሆን፣ አቧራ ትቼ ይሆን እያልኩ። ለአባቴ ደውዬ ሥራው አልሆነኝም፣ ልመለስ ነው ብዬዋለሁ።»

እንባዬ መጣ። «ይቅርታ።»

«ና ብትዪኝ እኮ እመጣ ነበር።»

«እህት እያልከኝ?»

«ታዲያ ምን ልበል? አባትሽ አጠገቤ ተቀምጠው ቆንጆ ልበልሽ?»

ቆንጆዋ እኮ እኔ ነኝ። እኔ! አንድ ባጃጅ መሃላችን ካላለፍኩ ብሎ ጥሩንባውን ነፋብን፤ ሁለታችንም ወደ አንድ ጎን ሸሸን።

«ተቆጥተሃል?»

«በጣም።»

«እስከ መቼ?»

አሰበ። የምሩን እኮ ነው ያሰበው።

«እስከ ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ ምን አለ?»

«የዕረፍት ቀኔ ነው» አለና ፊቱን ሳያዞርልኝ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ገና አርብ አለ፣ ቅዳሜ አለ፣ እሁድ፣ ሰኞ... ኸረ በናታችሁ!