ከታች የወጣ ዕቅድ

ልዑልሰገድ የኩባንያው የስትራቴጂና ዕቅድ ዳይሬክተር ነበር፤ በየዓመቱ ወደ ውሃ ፋብሪካው የሚሄደው ግዴታ ስለሆነበት ብቻ ነው። መኪናው ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ኮረኮንቹ ላይ ሲንገጫገጭ፣ ከኋላ ወንበር ተደግፎ እዚያ የሚጠብቁትን ሰዎች ያስባል፤ ስትራቴጂ ሲባል የሚያዛጉ፣ ግባችሁ ምንድን ነው ሲባሉ የደመወዝ ጭማሪ የሚያነሱ፣ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ እሱን ትተው በር በሩን የሚያዩ ሰዎች። ዋናው መሥሪያ ቤት ያወጣውን ዕቅድ ለእነዚህ ማውረድ፣ የእያንዳንዳቸውን ግብ ከኩባንያው ግብ ጋር ማስተሳሰር የእሱ ሥራ ነው። በልቡ ግን ከብት ሰብስቦ ፊደል ከማስቆጠር ለይቶ አያየውም።

“ዘንድሮ ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን?” አለው ሾፌሩን አጥናፉን።

“እነሱ ምን ይላሉ ጌታዬ? እርስዎ ያሉትን ይቀበላሉ እንጂ።”

“ይቀበላሉ፤ በማግስቱ ይረሱታል።”

የፋብሪካውን በር ዘበኛው ጋሽ ቱፋ ከፈተላቸው። ሌላ ጊዜ ጎንበስ ብሎ የቤተሰቡን ጤና አንድ በአንድ ሳይጠይቅ መስኮቱን የማይለቅ ሽማግሌ፣ ዛሬ ቃል አልወጣውም። መኪናው ካለፈ በኋላ ልዑልሰገድ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ሽማግሌው ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግቢው አዙሮ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

“ሌባው ከውስጥ ነው እንዴ የሚመጣው? ጅል!” አለና ሳቀ።

ከመኪናው ሲወርድ ሽታው ተቀበለው። ግቢው ዘወትር የሚሸተው የሞቀ ፕላስቲክና ክሎሪን ነበር፤ የዛሬው ግን ከባድና ቀዝቃዛ፣ አዲስ የተቆፈረ የመቃብር አፈር ዝናብ ሲነካው የሚሸተውን የመሰለ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። ማሽኖቹ ይሠራሉ፤ የሰው ድምፅ ግን ከየትም አይሰማም። ከማሽኖቹ ጉርምርምታ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ረጅም፣ ከመሬቱ ተነሥቶ በጫማው በኩል እስከ ጉልበቱ የሚወጣ፣ ከዚያ ቆም ብሎ እንደገና የሚጀምር ነገር። “ፓምፑንም አበላሽተውታል” ብሎ አሰበ።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደምመላሽ ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀው። አምና ቦርጩ ከቀበቶው በላይ ይፈስ የነበረ፣ በሆነው ባልሆነው የሚስቅ ሰው ነበር። አሁን ልብሱ ተንጠልጥሎበታል፤ የሱሪው ጫፍ እስከ ጉልበቱ ርሷል።

“እንኳን ደህና መጡ። ሰዉ ተሰብስቦ እየጠበቀዎት ነው።”

“በሰዓቱ? ታምር ነው!”

አዳራሹ ውስጥ የሚያወራም፣ ስልኩን የሚነካካም አልነበረም። ልዑልሰገድ ፕሮጀክተሩን አብርቶ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ በየዓመቱ የሚለውን አለ፤ የገበያው መሪ መሆን፣ የጋራ ራዕይ፣ አንድ አቅጣጫ። ግድግዳው ላይ የሚለዋወጠውን ምስል ያየ ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ወለሉን ያያሉ፤ ከወለሉ በታች የሚነገራቸውን የሚያዳምጡ ይመስል ጆሯቸውን ዘንበል አድርገዋል። ከዚያ ደረታቸውን አየ። አንድ ላይ ከፍ ይላል፤ አንድ ላይ ዝቅ ይላል።

“ተኝታችኋል እንዴ?” አለ፤ ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸበት።

“አልተኛንም” አለች ሌንሳ፣ የላቦራቶሪዋ ባለሙያ። አምና ስለ አበል አፋጥጣው የነበረች ልጅ ናት።

“እንግዲያው ካንቺ እንጀምር። የዘንድሮ ግብሽ ምንድን ነው?”

“ውሃው ውስጥ ያለውን፣ የሚጠጣው ሰው እንዳይቀምሰው ማድረግ።”

“እሺ፣ የጥራት ግብ ነው እንበል፤ አነጋገሩ የመንደር ቢሆንም። አንተስ?”

የፓምፕ ሠራተኛው ገመቹ ቀና ሳይል መለሰ። “ጉድጓዱን ማስፋት።”

“ማን ማስፋት አለብህ አለህ?”

“ጠቦታል።”

“ማንን ነው የጠበበው?”

ገመቹ በጫማው ጫፍ ወለሉን ነካ አደረገ። መጥቶ የአዳራሹ በር ላይ የቆመው ጋሽ ቱፋ ሳይጠየቅ ተናገረ። “የእኔ፣ ያልተዘጋጀ ሰው ከግቢው እንዳይወጣ መጠበቅ ነው።”

“የእኔ ደግሞ” አለ አቶ ደምመላሽ፣ “ከላይ ያሉትን ወደዚህ ማምጣት።”

ልዑልሰገድ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ተወው። ዕድሜውን የፈጀበት ሥራ ነውና ሳይወድ ገባው፤ ግቦቹ ገጥመዋል። በዋናው መሥሪያ ቤት ዲግሪ የደረደሩት የክፍል ኃላፊዎች እንኳ የአንዱን ዕቅድ ከሌላው ማገናኘት አቅቷቸው ዓመቱን ሙሉ ሲነታረኩ ይከርማሉ፤ እዚህ ግን ዘበኛው የላቦራቶሪዋን፣ የፓምፕ ሠራተኛው የሥራ አስኪያጁን ሥራ ያግዛል፤ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል።

“ይሄን ዕቅድ ማን አወረደላችሁ?” አለ። “ሳታስፈቅዱኝ አማካሪ ቀጥራችኋል?”

“አልወረደም ጌታዬ” አለ ደምመላሽ በለሆሳስ። “ወጣ።”

ልዑልሰገድ ከት ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ አዳራሹን ዞሮ ብቻውን ተመለሰ። “ተነሥና አሳየኝ” አለው። የሠሩትን ጅልነት በዓይኑ አይቶ ግማሾቹን ከሥራ ሊያሰናብት ቆርጧል።

የጉድጓዱ ቤት ከፋብሪካው ጀርባ ነው። ፓምፑ ተነቅሎ ደጅ ተጥሏል፤ ዝጎ፣ በመሐሉ ሣር በቅሎበታል። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኖቹ ግን አሁንም ውሃ እየሞሉ ነው። ደምመላሽ የብረቱን በር ገፋው። ድሮ ጠባብ ቧንቧ ብቻ ይወርድበት የነበረው ቀዳዳ ወለሉን ሁሉ ሊውጥ ደርሷል፤ ጠርዙ የዶማም የማሽንም ምልክት የለበትም፤ ሲላስ የኖረ ይመስል ልሙጥ ነው። ከበሩ የሚገባው የቀን ብርሃን አፋፉ ላይ ያበቃል። ልዑልሰገድ የስልኩን መብራት አበራና ጎንበስ አለ። ብርሃኑ ከታች፣ እሩቅ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ አረፈ። ውሃ መሰለው። የሚያብረቀርቀው ነገር ግን ከብርሃኑ ሸሸ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዓይን ቆብ ታጠፈ።

ያኔ ትንፋሹ ወጣ። ለብ ያለ፣ የዚያን አፈር ሽታ የተሸከመ አየር ፊቱን፣ ፀጉሩን፣ አፉን ሞላው። ኮቴያቸው ሳይሰማ ተከትለውት የመጡት ሠራተኞች ከኋላው አንድ ላይ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳቡ፤ እሱም ሳበ። ወዲያው ሊያስወጣው ታገለ፤ ደረቱ እንቢ አለው። ከታች ያለው ማስወጣት እስኪጀምር ጠበቀ።

እንዴት እንደወጣ አያውቅም። መኪናው ጋ ሲደርስ ይጮህ ነበር። “ዛሬውኑ አዘጋዋለሁ! እናንተ ደንቆሮዎች! ሁላችሁንም!” በስድቡ የተቆጣ አንድም ሰው አልነበረም። ደምመላሽ የመኪናውን በር በአክብሮት ከፈተለት። በመውጫው ላይ ጋሽ ቱፋ ከወንበሩ ተነሥቶ በመስኮቱ አጎነበሰ፤ ፊቱን ሳይሆን ደረቱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፈገግ አለና በሩን ከፈተ።

“ደህና ይግቡ ጌታዬ። ለቤተሰብ ሰላምታ።”

አስፋልቱ ላይ እንደወጡ ልዑልሰገድ ለኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ደወለ። የሚለውን አዘጋጅቷል፤ ፋብሪካው ይዘጋ፣ ፖሊስ ይጠራ፣ በገበያ ላይ ያለው ውሃ ሁሉ ይሰብሰብ።

“እህስ ልዑልሰገድ፣ ተግባባችሁ?” አለ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

ልዑልሰገድ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ደረቱ በዚያው ዝግ ባለ ምት ከፍና ዝቅ አለ።

“እጅግ በጣም” አለ። “እንዲህ የተናበበ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰው በሙሉ መጥቶ ሊያየው ይገባል። አውቶቡስ እናዘጋጅ፤ ቤተሰብም ይጨመርበት።”

“ጥሩ ሐሳብ ነው። አንተም ልጆችህን ታመጣለህ ማለት ነው?”

ልዑልሰገድ ጩኸቱ ከውስጡ እስኪመጣ ጠበቀ፤ ምንም አልመጣም። ማንም እንዳላስገደደው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ የፈለገው ነገር ይህ ብቻ እንደሆነ ገባውና በእርጋታ መለሰ፦ “እነሱንማ አስቀድሜ ነው የማመጣቸው።”