የብር ጋሻው አበጋዝ አሟሟት

«ስሙኝማ፣ ሁላችሁም! ከዛሬ ጀምሮ ሽንት ቤት የገባ ሰው ሲወጣ በሩን ይዝጋ!»

ዶኛ ኤኔይዳ ይህን አዋጅ ያወጁት በኢንተርኔት ቤታቸው መሐል ቆመው፣ መወልወያውን እንደ በትረ መንግሥት ጨብጠው ነው። ዕድሜያቸውን በፔሩዋ ቺምቦቴ ወደብ ነፍሰ ገዳይ ሲያሳድዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ይህን ቤት የከፈቱት ሰላም ፍለጋ ነበር። አላገኙትም። ዛሬ ደግሞ ደንበኛው ሁሉ አንዳንድ ጥቁር ፌስታል ይዞ መጥቶ፣ እግሩ ሥር ሸጉጦ፣ ሊያነሡት ሲሉ «ይተዉት ዶኛ፣ አይንኩት» እያለ ወለል አላስወለውል ብሏቸዋል።

አዋጁ ገና ከአፋቸው እንደወጣ ከደንበኞቹ አንዱ፣ ኤዲልቤርቶ፣ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«አበጋዙ ተገደለ! በገዛ ግንቡ!»

ሬሳው ስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፤ የብር ጥሩር እንደለበሰ፣ ሰይፉም ከአፎቱ ሳይወጣ። በጌሙ ውስጥ የብር ጋሻ ማኅበር አበጋዝ፣ ዶን ጋላርዶ ነው። ከጌሙ ውጪ ዊልመር ይባላል፤ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እሱ ራሱ ገና ከሽንት ቤት መውጣቱ ነበር፤ በሩንም ክፍት ትቶታል። በዚህ ጌም የሞተ አይነሣም።

«ማን ደፈረኝ?» አለ ዊልመር በአበጋዝ ድምፅ።

«ማን ይሆናል!» ኤዲልቤርቶ ጣቱን ወደ ምክትሉ ወደ ያዲራ ቀሰረ። «አንተ ከሞትክ ሹመቱ ለምክትልህ ነው። በሕጋችን ከዳተኛ ይባረራል፤ ስሙም ከግንቡ ይፋቃል!»

ያዲራ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በሰፈሩ ሁሉ «አንቺ!» ተብላ የምትጠራ ልጅ «እመቤት» የምትባለው እዚህ ብቻ ነው።

«ዶኛ፣ እርስዎ መርማሪ አልነበሩ? በድንግሏ ይዤዎታለሁ፣ ከዚህ ጉድ ያውጡኝ!»

ዶኛ ኤኔይዳ በረጅሙ ተነፈሱና መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ኤዲልቤርቶ፣ አንተ የት ነበርክ?»

«እመቤቴ ሆይ፣ በሰይፌ እምላለሁ፣ በምሥራቁ ግንብ ዘብ ቆሜ...»

«በሰይፍህ አትማልብኝ። ሰይፍ የለህም። ያለህ ማውዝ ነው፤ እሱም የኔ ነው። የግንቡ በር ዝግ ነበር?»

«ዝግ ነበር። ጠላት አልገባም።»

«እናንተስ እርስ በርስ ብትቆራረጡ?»

«አይቻልም» አለች ያዲራ። «የማኅበሩ ሰው ሰይፍ የማኅበሩን ሰው አይቆርጥም። ግንቡ ውስጥ መግደል የሚችሉት ጌሙ ራሱ ያቆማቸው የድንጋይ ዘቦች ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ዓርማችን ደረቱ ላይ ያለውን አይነኩም።»

«ዓርማውን የሚገፍፈው ማነው?»

«አበጋዙ ነዋ!» አለ ኤዲልቤርቶ። «ሩፊኖን የገፈፈው እሱ አይደል? ሚስቴ ወለደች ብሎ ከከበባ በፊት የጠፋውን ፈሪ! ስሙን ሲፍቀው ሁላችንም አጨብጭበናል።»

«ቀጣዩ ከበባ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ።»

ዶኛ ኤኔይዳ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። የሬሳውን ደረት አዩ። የዊልመርን ፌስታል አዩ። ከዚያ ሁሉንም በዙሪያቸው አቆሙ።

«ጠላት አልገባም። እናንተ መግደል አትችሉም። ስለዚህ የገደሉት ዘቦቹ ናቸው። ዘቦቹ የሚመቱት ዓርማ የሌለውን ነው፤ እነሆ፣ ደረቱ ባዶ ነው። ዓርማ የሚገፍፈው አበጋዙ ብቻ ነው። እንግዲህ ገዳዩ ራሱ ሟቹ ነው። ዊልመር የገዛ ዓርማውን ገፎ፣ አበጋዙን ዘቦቹ መሐል አቁሞ፣ ሽንት ቤት ገባ። ሲሞት እንዳያይ።»

ዊልመር ፌስታሉን በእግሩ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋው።

ዶኛ ኤኔይዳ በመወልወያው እጀታ ፌስታሉን ከወንበሩ ሥር ጎተቱ። ቢጫ የጎማ ቦት ጫማ ነው፤ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

«ዓሣ የማጥመዱ ክልከላ ተነሥቷል። በጀልባ ልትወጣ ተቀጥረሃል፤ አይደል?»

«እናቴ ናት ያስቀጠረችኝ» አለ ዊልመር፣ በራሱ ቀጭን ድምፅ። «ለቅዳሜ አልደርስም። ከበባ የቀረ ይፋቅ የሚለውን ሕግ ያወጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። እንደ ሩፊኖ ከምፋቅ... ሞቶ መገኘት ይሻላል ብዬ።»

«እኔን አስባርረህ?» አለች ያዲራ።

«ፈሪ!» ኤዲልቤርቶ ጮኸ። «ከበባ ጥሎ የሚሄድ...»

ያኔ ከወደቡ የዓሣ ፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ፤ ክልከላው ከተነሣ ወዲህ የመጀመሪያው የፈረቃ ጥሪ። የኤዲልቤርቶ ዓረፍተ ነገር እዚያው ቀረ። ጡሩምባው እስኪያበቃ ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ማንንም ሳያይ ጎንበስ ብሎ የራሱን ፌስታል ከወንበሩ ሥር አነሣ። ያንዱ ቦት አፍንጫ በፌስታሉ ቀዳዳ ወጥቶ ነበር።

ያዲራ ቦቱን አየችው። ቀጥላ ዊልመርን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ እሷም ወደ ራሷ ፌስታል ጎንበስ አለች።