በሩ ላይ የቆመው መጥረጊያ

ኢልፖ የሞተው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊመሰክር አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ኢንስፔክተር ኢንኬሪ ሐይቅ ዳር ካለችው የእንጨት ጎጆ ስትደርስ፣ አስከሬኑ ምድጃው አጠገብ ባለው አልጋ ላይ እንደተጋደመ ነው። ፊቱ ከሳውና የወጣ ሰው መስሎ ቀልቷል። ቀና ብላ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ አየች። ድርግም ተደርጎ ተዘግቷል፤ ምድጃው ውስጥ ግን ነዶ ያላለቀ ከሰል ነበር።

«ፍም እያለ ይህን ዘግቶ የሚተኛ ፊንላንዳዊ የለም» አለች። «የፍሙ ጭስ መርዝ እንደሚገድል ሕፃን እንኳ ያውቃል።»

ጎጆዋ የጠብ ጎጆ ነበረች። ታርሞ ከሚስቱ ከኦይሊ ሊፋታ ሲል፣ ንብረቱ ለክፍፍል እንዳይቀርብ ለአጎቱ ልጅ ለኢልፖ ሸጥኩት አለ። ኦይሊ ጣሪያዋን በራሷ ገንዘብ ያሠራች፣ ሌላ መጠጊያ የሌላት ሴት ናት። ሽያጩ የይስሙላ ነው፣ ይፍረስልኝ ብላ ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም ጎጆዋ ለሦስተኛ ሰው እንዳትተላለፍ አገደ። ኢልፖ እንደ ገዢ ቆይቶ ቆይቶ ሕሊናው ቆረቆረውና እውነቱን ሊናገር ቆረጠ።

ታርሞ ጥያቄ እስኪቀርብለት አልጠበቀም። «እሷን ያዟት! ኢልፖ አልመሰክርም ብሏት ነበር፤ በንዴት ገደለችው። እኔ ከሸጥኩ ወዲህ ያን ግቢ ረግጬው አላውቅም።»

«ውሸታም!» አለች ኦይሊ። «ምስክሬን ገድዬ ምን ላተርፍ? አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ሰው አታውቂውም። አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ከጎጆዋ ስትወጪ በሩን እንዴት ነው የምትዘጊው?» ስትል ኢንኬሪ ጠየቀቻት።

ኦይሊ ግራ ገባት። «በቁልፍ ነዋ! እኔ የከተማ፣ የሄልሲንኪ ልጅ ነኝ። እሱ መጥረጊያ በሩ ላይ አስደግፎ ሲሄድ ስንት ዓመት ስቄበታለሁ።»

የኢልፖ ሚስት ሴይያ ለማንም ፊት አልሰጠችም። ጎጆዋ በባሏ ስም እንድትቀር ስትጨቀጭቀው እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

«ከሰዓት በኋላ ምሳ ይዤለት ሄጄ ነበር» አለች። «የቅርንጫፍ መጥረጊያ በሩ ላይ ቆሟል። በእኛ ልማድ ቤት ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው፤ ተመለስኩ።»

«የእናንተ መጥረጊያ ነው?»

«ከዚያ በፊት እዚያ መጥረጊያ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ያኔ… በሕይወት ነበር እንዴ?»

ኢንኬሪ ወደ ጎጆዋ ተመልሳ ከደረጃው ሥር ጎንበስ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ጎጆዋ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እርስ በርስ ላለመተያየት ሦስት ጥግ ይዘው ቆሙ። ወዲያው «ኑ፣ ጀልባ ማሰሪያውን ላሳያችሁ» ብላ ቀድማ ወጣች። ሴቶቹ ተከተሏት፤ ታርሞ እያጉረመረመ ከኋላ መጣ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ደጁ ላይ ቆመች።

«ኢልፖ መዝጊያውን ራሱ አልዘጋም» አለች። «የተኛ ሰው ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ውጭ መጥረጊያ ማስደገፍ አይችልም። ያስደገፈው መዝጊያውን ዘግቶበት የወጣው ነው። አስቦበት ግን አይደለም፤ እጁ ለምዶት ነው። ኦይሊ ልማዱ የላትም። ሴይያ ልማዱ አላት፤ መጥረጊያው የት እንደሚቀመጥ ግን አታውቅም። እኔም የደረስኩበት ከደረጃው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ የደረቀ ቅጠል የረገፈበት ምስማር ካገኘሁ በኋላ ነው። ዛሬ ጠዋት እዚያው መልሼ ሰቀልኩት።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። መጥረጊያው በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«አሁን መጨረሻ የወጣው ማነው?»

የታርሞ ፊት አመድ መሰለ። «እና ምን ይሁን? የአባቴ ቤት ነው! በገዛ ቤቴ ደጅ መጥረጊያ ባቆም…» አፉን ያዘ።

«በገዛ ቤትህ» አለች ኢንኬሪ። «ሸጥኩት፣ አልረገጥኩትም ባልከው ቤት።»

ኦይሊ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «የእኔን ድርሻ ልትበላ ምስክሬን ገደልክ። እሰይ! አሁን ራስህ መሰከርክልኝ።»

ታርሞ ወደ እሷ ሲንደረደር ከግቢው ዳር ሲጠብቁ የነበሩ ፖሊሶች ያዙት። ሴይያ ግን ወደ ማንም አላየችም። መጥረጊያውን አንስታ በጉልበቷ ላይ ሰበረችው።

«ሰው ነበረ» አለች። «ውስጥ ሰው ነበረ።»