ባትሪ የሌለው ሰባት ቁጥር

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በሆዴ የምስቅ ሰው ነኝ፣ በሆዴ ብቻም አይደለም፣ ፊት ለፊቱም እስቃለሁ። ሥራዬ መሣሪያዎች ያለ ሽቦ ከስልክ ጋር እንዲነጋገሩ ፕሮግራም መጻፍ ነው፣ በዚህ ሥራ ደግሞ መንፈስ የሚባል ነገር የለም፣ ያለው ሰነፍ ፕሮግራመር ነው፣ እመነኝ፣ «በራሱ ጊዜ ተበላሸ» የሚሉኝን ባልደረቦቼን ስንቴ አሸማቅቄያቸዋለሁ።

መንዝ የሄድኩት ለበግ ነው። አዎ፣ ለበግ። መሥሪያ ቤታችን በበግ አንገት ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሠርቶ ነበር፣ በጓ በአቅራቢያህ ስትሆን ቁጥሯ ስልክህ ላይ ይወጣል፣ ስልኩ ሲያገኛት ደግሞ አንገቷ ላይ ያለው ነገር ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። አሥራ ሁለቱን ለሙከራ የወሰዱት ጋሽ ጥላዬ ናቸው፣ ጓሳ በሚባለው የአካባቢው የጋራ ግጦሽ መሬት ያለው ሳር ያለጊዜው እንዳይታጨድና እንዳይጋጥ ከሚጠብቁት አንዱ። ግንኙነቱ እየተቋረጠ አስቸገረ ተባለና እኔ ተላክሁ፣ የሌላ ሰው ዝርክርክ ሥራ ላጸዳ ማለት ነው፣ አሥራ ሁለቱንም ከበጎቹ አስፈትቼ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩና ባትሪያቸውን አንድ በአንድ አወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ፣ ጉም ስልህ የጓሳን ጉም ነው፣ ክንድህን ብትዘረጋ ጣትህን አታየውም። በዚያ መሀል በጎቹ ዝግ ወደሆነው ጓሳ ሾልከው ገቡ ተባለ። የጠባቂው በጎች ክልክል ሳር ላይ ቢገኙ እንግዲህ ምን ፊት ይዘው ሌላውን ይከለክላሉ፣ የጋሽ ጥላዬ ባለቤት እማማ አስካለ ዱላቸውን ይዘው ሊያወጧቸው ሄዱ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ በጎቹ ብቻቸውን መጡ።

ጋሽ ጥላዬ እየወጡ ይጣራሉ፣ ጉሙ ድምፃቸውን ይውጠዋል፣ ይመለሳሉ። እኔም ልውጣ ስላቸው «አንተን ደግሞ ማን ይፈልግሃል?» ብለው አስቀመጡኝ፣ አልዋሽህም፣ ደስ አለኝ።

ይኼኔ ስልኬ ላይ ሰባት ቁጥር ወጣ። «ተገናኝቷል» ይላል። ሰባት ቁጥር ፊቴ ነው ያለው፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ባትሪው ከጎኑ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ቁጥሩ አሁንም አለ። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ እዚያም አለ። የሲግናሉ አቅም ደግሞ በጣም ደካማ ከነበረበት ተነስቶ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይጨምራል። ቆም ባለ ቁጥር እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጋሽ ጥላዬ ከኋላዬ ቆመው አዩት።

«ምንድነው እሱ?»

«የፕሮግራም ስህተት ነው፣ የቆየ መረጃ እየደጋገመ ነው።»

«እየቀረበ ነው?»

«የሚቀርብ ነገር የለም ጋሽ ጥላዬ፣ ዕቃው ይኸውልዎት፣ ባትሪ እንኳ የለውም።»

«ማወቅህን መቼ ተጠራጠርኩ ልጄ፣ እየቀረበ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

ሳቄ መጣ። ሚስታቸው ጉም ውስጥ የጠፉባቸው ሽማግሌ ፊት ሳቅሁ። «እንግዲህ የት እንደሚደርስ አሁን ያያሉ» አልኩና ሰባት ቁጥርን ከዝርዝሩ ሰረዝኩት። የኛ የፕሮግራመሮች ልማድ ነው፣ ያልገባንን ነገር መጀመሪያ እንሰርዘዋለን፣ ከዚያ «ተስተካክሏል» እንላለን። ስክሪኑ ባዶ ሆነ።

«አዩ?» አልኳቸው።

እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ፣ ከቅርብ፣ አጭር ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ የድንጋይ መንከባለል።

እማማ አስካለን ያገኘናቸው ከቤቱ ጀርባ ካለው ገደል ሥር ነው፣ ገደሉ ጥልቅ አልነበረም፣ ዳሌያቸው ግን ተሰብሯል። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ስናወጣቸው እጄን ያዙኝ።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ያንን የበጎቹን ድምፅ ስላሰማኸኝ። ጢጥ ሲል እየሄድኩ፣ ዝም ሲል እየቆምኩ፣ እሱን ተከትዬ እኮ ነው የመጣሁት። ቤቴ ልደርስ ስል ጭልጥ ብሎ ጠፋ። ብቆም፣ ብጠብቅ የለም፣ አንድ እርምጃ ብራመድ መሬቱ ከዳኝ። ለምን አቆምከው?»

ጋሽ ጥላዬ የቃሬዛውን ፊት ይዘው ነበር፣ ሰምተዋል፣ ዞር ግን አላሉም። ሶፍትዌር ነው ልበላቸው? ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት አሥራ ሁለቱ አንዱም ትንፍሽ አላለም፣ ከእሳቸው ጋር ወጥቶ የሄደም መሣሪያ አልነበረም።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሪፖርት ስጠየቅ «ችግሩ ተፈትቷል» ብዬ ጻፍኩ፣ ያመሰገነኝ አለቃዬም አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም፣ መቼ ጠይቆ ያውቃል። መሣሪያዎቹንም አንዳቸውም ሳይቀሩ ይዤ መጥቻለሁ፣ ካርቶን ውስጥ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት እማማ አስካለ ደወሉልኝ። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄዱት።

«ልጄ፣ ጉም ወርዷል፣ ጥላዬ ጓሳ ወጥቶ ገና አልገባም። ያ ድምፅ ግን ከበሩ ላይ እየጮኸ ነው። አንተ ነህ አይደል? እባክህ፣ እስኪገባ ድረስ እንዳታቆመው።»

«እሺ እማማ፣ አላቆመውም» አልኳቸው፣ እጄ ላይ ከስልኩ በስተቀር ምንም ሳይኖር።

ከዚያ ወዲህ አልደወሉም። እኔም አልደወልኩም።