ፊደል አስቆጣሪዋ ጥንቸል

ጥጤ ሰኞ ማለዳ በመዋዕለ ሕጻናቱ ክፍል፣ በሽቦ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። ሕጻናቱ ካሮቷን እየቆጠሩ ቁጥር የተማሩባት፣ ተራ በተራ ፊደል የሚያነቡላት ነጭ ጥንቸል ነበረች።

የእንስሳት ሐኪሟ ተጠርታ ስትደርስ ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን እያየ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

«ዶክተር፣ ቶሎ ይበሉልኝ። ልጆቹ ውጭ ቆመዋል፤ ወላጆችም በሽታ ነው ብለው ፈርተዋል።»

«በሽታ አይደለም» አለች የክፍሉ መምህርት ከኋላው። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «መርዝ ነው። ያቺ ዝምተኛዋ ልጅ ዓርብ ስንወጣ የአጥሩን አበባ ቅጠል ስታስገባላት አይቻታለሁ። ሕጻን ናት፣ ምን ታውቃለች!»

ሐኪሟ ልጅቷን ስትገባ አይታታለች፤ ከሰልፉ ተነጥላ ግድግዳ ተደግፋ ነበር። ትምህርት ቤት ከገባች ጀምሮ ቃል የተነፈሰችው ለጥጤ ብቻ ነው። ወሬው ግን ቀድሞ ወጥቶ፣ ጓደኞቿ «ገዳይ!» እያሉ ይጠቋቆሙባታል። ነገሩ ሐኪሟን አላስቀምጥ አላት።

ክፍሉ መስኮቱ እንደተዘጋ በሁለት ቀን ፀሐይ ታፍኗል። ተንበረከከችና የጥንቸሏን ከንፈር ገለጠች። ድዷ ክው ብሎ ደርቋል፤ ዓይኗ ጎድጉዷል። ከአጠገቧ የወደቀውን ቅጠል አነሳችው፤ ጥርስ አልነካውም። ከተቀጠፈበት ጫፍ የወጣ ነጭ ፈሳሽ ጣቷን አጣበቀው። የውሃው ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ቅዳሜና እሁድ ተረኛ ማን ነበር?»

«እኔ» አለች መምህርቷ። «ትናንት ከሰዓት መጥቼ ውሃዋን ሞልቼላት ሄድኩ። ደህና ነበረች።»

ዘበኛው መጥረጊያውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «እኔ ስትገቢ አላየሁሽም፣ ልጄ።»

«እንቅልፍ ወስዶዎት ነበራ፣ ጋሼ!»

«ደግሞስ ጎመኔን ጨረሰችብኝ ሲሉ አልነበር?» አለው ርዕሰ መምህሩ ወደ ዘበኛው ዞሮ።

«ታዲያ ለጎመን ብዬ ነፍስ አጠፋለሁ?»

«ዛሬስ ቀድሞ የገባ ማን ነው?» አለች ሐኪሟ።

«እሷ ናት» አለ ዘበኛው መምህርቷን እያመለከተ፤ «ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ። ከዚያ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ እርስዎ።»

ሐኪሟ ሦስቱንም ወደ ሽቦው ቤት ጠራቻቸው።

«ዓርብ የተቀጠፈ ቅጠል እስከዛሬ ይጠወልጋል። ይሄ ገና ይደማል፤ ዛሬ ጠዋት የተቀጠፈ ነው። ልጅቷ ደግሞ ዛሬ ክፍሉን አልረገጠችም፤ ገና ግቢው ውስጥ ቆማለች። ጥጤም አልቀመሰችውም። የገደላት ጥም ነው። ውሃ አፏ ሥር እያለ በጥም የሞተች ጥንቸል ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጠርሙሱ የተሞላው ከሞተች በኋላ ነው። ‹ትናንት ሞላሁ› ያለችውም፣ ‹ዓርብ ቅጠሉን አየሁ› ያለችውም አንድ ሰው ናት።»

መምህርቷ ከልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ዘፍ አለች።

«እህቴ ቅዳሜ ወለደች» አለች። «በደስታ ብዛት ጭራሽ ረሳኋት። ዛሬ መጥቼ ሳያት… ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

«መርሳት የሰው ነው። በልጅ ማላከክ ግን ሌላ ነው። እሱን ለእኔ አትንገሪኝ፤ የበደልሻት ውጭ ናት።»

መምህርቷ ወጥታ ሰልፉ ፊት ተንበረከከች። «ውሃ ሳልሰጣት ጥጤን የገደልኳት እኔ ነኝ። ጓደኛችሁ ምንም አላደረገችም፤ ዋሸሁባት።»

ዝምተኛዋ ልጅ ከግድግዳው ተላቃ መጣችና ትኩር ብላ አየቻት። ሁሉም ድምጿን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

«በጣም ጠምቷት ነበር?»

መምህርቷ ዓይኗን ልትሰብር ቃጣት፤ አልሰበረችም።

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለች። «በጣም።»