አረፋ የነሣ ውሃ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ የዓለሙ ጦርነት ሦስተኛ ዓመቱን በያዘበት በጋ፣ ከጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ ያለው ሰፊ የማቀዝቀዣ ገንዳ ማለዳ ማለዳ ጉም ይለብስ ነበር፤ ሞተሩን አብርዶ የተመለሰው ሙቅ ውሃ ቀስ እያለ ሲተን፣ ጭስ ማውጫው፣ የዘበኞቹ ማማና በገመድ የተሰጡት አንሶላዎች ከመሬት ተነቅለው የሚንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። በዚያ ጉም መሃል እጅጌዋን ሰብስባ ከድንጋይ ማጠቢያው ፊት የምትቆም፣ ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ አርባን የተሻገረ አንዲት ሴት ነበረች፤ የአጣቢዎቹ አለቃ ስትሆን፣ ሠራተኛው ሁሉ «እቴ አረፋ» ይላት ነበር።

የምታጥበው ለቁስለኛ የሚላክ ፋሻና አንሶላ ነው፤ ማገዶ ለመቆጠብ ተብሎም ሙቁ ውሃ ከገንዳው በቧንቧ ይመጣላታል። ከዚያ በጋ ወዲህ ግን ውሃው ጠባዩ ተለወጠ፤ ድሮ አንዴ ሲያሹት አረፋው ክርን ድረስ ይወጣ የነበረው ሳሙና፣ እንደ ተበላሸ ወተት እየተቋጠረ ግራጫ ዝቃጭ ሆኖ ጨርቁ ላይ ይለጠፍ ጀመር።

«ሳሙናውም ዘምቷል መሰለኝ» አለች አንዷ አጣቢ፤ ሴቶቹም ሳቁ።

እቴ አረፋ ግን አልሳቀችም። ያንኑ ሳሙና ወስዳ በወንዝ ውሃ ብታሸው አረፋው ነጭ ሆኖ ተነሣ፤ ነገሩ ከሳሙናው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባት፤ ለማን እንደምትናገረው ግን ጨነቃት።

እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ እሷን ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ የዚያው ፋብሪካ ሞተረኛ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ሞተር እንደ ልጅ ተንከባክቦታል። በዚያ ወር ሞተሩ ሦስት ጊዜ ግሎ ቆመ። ለሠራዊቱ ድንኳንና ፋሻ እንዳይጓደል ፋብሪካውን እንዲያዝዙ የተሾሙት ኮሎኔል በሦስተኛው ጊዜ ከሞተር ቤቱ ደጃፍ ቆመው «ይህ ብልሽት የሰው እጅ አለበት» አሉ፤ ወንድሟን በሠራተኛው ሁሉ ፊት ከሃዲ ብለው ሰደቡት፤ ላኪህን እስክትናገር ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ጉዳይህ የጦር ፍርድ ቤት ነው ብለውም በዘበኞቹ ዕቃ ቤት አስቆለፉበት። ከተሰበሰበው ሰው አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ምግብ ይዛ በዕቃ ቤቱ መስኮት ቀረበች።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ! ዘይቱን አጠጣሁት፣ ማሠሪያውን ሁሉ አጠበቅሁ፤ ውሃውም ይዞራል። እሱ ግን እንደ ታመመ ሰው ይግላል።»

«ገንዳውን መቼ ለወጣችሁት?»

ጥቂት አሰበ። «ድሮ እሑድ እሑድ ሞተሩ ሲያርፍ እናፈሰውና በአዲስ ውሃ እንሞላው ነበር። ኮሎኔሉ የእሑድን ዕረፍት ከሰረዙ አምስተኛ ወሩ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተነነውን ያህል ከጉድጓድ መጨመር ብቻ ነው።»

ውሃ እየፈላ ባለቀ ቁጥር በማንቆርቆሪያዋ ሆድ የሚጋገረው ነጭ ድንጋይ በዓይነ ልቡናዋ ታያት፤ ይህ ግን የአምስት ወር ማንቆርቆሪያ ነው።

ዋና መሐንዲሱ ዝምተኛ፣ ሲራመዱ እንኳ የሚያልሙ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ሦስት እኩል ጠርሙሶች ጠረጴዛቸው ላይ ደረደረች፤ በአንዱ የወንዝ፣ በአንዱ የጉድጓድ፣ በአንዱ የገንዳው ውሃ ነበር።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለችና፣ ከፋብሪካው ክሊኒክ በለመነችው አልኮል ያሟሟችውን ሳሙና በጠብታ በጠብታ እየጨመረች፣ እየከደነች ትንጥ ጀመር። የወንዙ ውሃ በአሥራ አንድ ጠብታ አረፋ ያዘ፤ የጉድጓዱ በሃያ ስድስት። የገንዳው ግን ሃምሳ አለፈ፤ ሰባ አለፈ፤ አረፋው ብቅ ይልና ይሞታል፣ ብቅ ይልና ይሞታል። የሸማኔ መኪኖቹ ጩኸት ከጆሮዋ ራቀ፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን በጠርሙሱ ውስጥ ሲዋኝ፣ በዓለም ላይ እሷና ያች ጠብታ ብቻ የቀሩ መሰላት። መቶ አሥራ ሁለት ላይ አረፋው ተነሥቶ ቆመ።

መሐንዲሱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሡት። «ውሃው እየተነነ ሄደ፤ የያዘው ድንጋይ ግን ቀረ። እኔ የት ተኝቼ ነበር? ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ሳሙናው ነዋ፣ ጌታዬ። ድንጋዩ አሁን ከሞተሩ ሆድ ተጋግሯል፤ ይክፈቱትና ይዩት።»

«ሞተሩን ያለ ትእዛዝ ያቆመ በሞት ይቀጣል፤ አልሰማሽም?»

«ወንድሜም እኮ በሞት ሊቀጣ ነው።»

መሐንዲሱ ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ሞተር ቤቱ ወረዱ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ እጃቸው ሞተሩን አቆሙት።

ሁለት መቶ የሸማኔ መኪና ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሠራተኛው ከእንቅልፍ እንደ ነቃ ሰው ዓይኑን እያሸ ወጣ፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የወፍ ድምፅ ተሰማ። ኮሎኔሉ ሽጉጣቸውን እየዳበሱ ሲደርሱ ክዳኑ ተነሥቶ ነበር፤ አውራ ጣት ያሳልፍ የነበረው የውሃ መንገድ በነጭ ድንጋይ ተደፍኖ፣ ስንደዶ እንኳ በግድ የሚያስገባ ሆኗል።

«ይህን ማን አደረገው?» አሉ።

መሐንዲሱ አፋቸውን ሲከፍቱ እቴ አረፋ ቀደመቻቸው። «ክቡር ሆይ፣ ማንም አላደረገውም። እሑድ ስለ ቀረ ነው።»

እሑድን የሰረዘው ማን እንደ ሆነ የማያውቅ በዚያ አልነበረም። ኮሎኔሉ ድንጋዩን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፤ ቀና ብለውም አላዩዋት።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ በመጨረሻ።

አንድ ቀን ተኩል ፈጀ፤ ድንጋዩ በአሲድ ሟሙቶ ታጠበ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሦስቱን ውሃ በሳሙና ጠብታ የምትለካው እሷ ሆነች፤ የገንዳው ቁጥር ወደ አርባ ሲጠጋ ከሥሩ ጥቂት ይፈሳል፣ በምትኩ ለስላሳው የወንዝ ውሃ ይገባል፤ ሞተሩም ሳይቆም ሠራ። ወንድሟ ሞተሩ በተከፈተበት ዕለት ሳይመሽ ተፈታ፤ የሞተር ቤቱን ደጃፍ ግን ዳግመኛ አልረገጠም።

«ሞተሩ ምን በደለህ፣ ጋሼ?» ብላ ለመነችው።

«ሞተሩ ምንም። ስሰደብ ቆመው ያዩኝን ሰዎች ዓይን ነው ያቃተኝ።»

እስኪሞት ድረስ በወንዙ ቦይ የውሃውን መዝጊያ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖረ፤ ከሰው ጋርም ብዙ አይነጋገርም ነበር።

የዘመኑ ታሪክ፣ ሞተሩ «በኮሎኔሉ አርቆ አሳቢነት» ለአንድ ቀን ታድሶ፣ ለሠራዊቱ ያለ ማቋረጥ ጨርቅ እንዳቀረበ ይናገራል፤ መሐንዲሱም በግርጌ ማስታወሻ አንድ መስመር ደርሷቸዋል። እቴ አረፋ አሥራ አንድ ዓመት ውሃ ስትለካ ቁጥሩን የጻፈችባቸው ደብተሮች ግን፣ ብዙ ቆይቶ መዛግብቱን ባደራጀ አንድ ጸሐፊ እጅ ገቡ፤ እሱም የሦስቱ ረድፍ ቁጥሮች ትርጉም ስላልገባው፣ «የልብስ እጥበት» ብሎ ጽፎባቸው ከመደርደሪያው ግርጌ አኖራቸው። ስሟ በአንዱም ላይ የለም፤ ከቁጥሮቹም አርባን ያለፈ አንድም የለም።